አንቀጹን ያነበብኩልሽ እኔ ነኝ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
መጋቢት 2010 ዓ.ም.

ውድ ዘርፈሽ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ መጀመሪያ የሚገርምሽ በብሬል መጻፉ ይመስለኛል። አዎ፣ ተማርኩ። ስሌትና ስታይለስ፣ ሰሌዳውንና መውጊያውን፣ ገዝቼ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየወጋሁ መጻፍ ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አሁንም ነጥብ እስታለሁ። የተሳሳትኩበት ቦታ ላይ ስትደርሺ እንደ ድሮሽ ፈገግ ብለሽ እለፊው።

በእስክሪብቶ ብጽፍልሽ ሐዋሳ ያለው አንባቢሽ ሊያነብልሽ ነው። ክፉ ሰው ነው ማለቴ አይደለም፤ አላውቀውም። ግን ለዓመታት ወደ አንቺ የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ በእኔ አፍ ያልፍ ነበርና፣ በሰው አፍ ያለፈ ደብዳቤ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። አክስትሽ ከካምባ ስለ እናትሽ ሕመም የጻፈችውን ሳነብልሽ ድምፄን ምን ላድርገው ብዬ የተጨነቅኩት ትዝ ይለኛል። ለስለስ ባደርገው የምደብቅሽ ነገር ያለ ይመስልሻል፤ ቀጥ አድርጌ ባነበው ደግሞ ግድ የሌለኝ እመስላለሁ። ይህን ደብዳቤ ማንም እንዲህ እንዲጨነቅበት አልፈለግኩም። በመካከላችን ማንም ሳይኖር እንድታገኚኝ ነው።

አንቺ ዘንድ የመጣሁት በ2003 ክረምቱ እንዳለፈ ነበር። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም፤ መናኸሪያው አጠገብ አባቴ ሱቅ ውስጥ ብርድ ልብስና ምንጣፍ እየሸጥኩ ነበር። ሴቻ ሰፈር ዕቃ ላደርስ ወጥቼ ነው የመሥሪያ ቤታችሁን ማስታወቂያ ያየሁት። ዓይነ ስውር ለሆነች ተከላካይ ጠበቃ ፋይል የምታነብ፣ ችሎትም አብራት የምትሄድ ሴት ይፈለጋል ይላል። ማታ ለአባቴ ስነግረው ሳቀ።

«ለማንበብ ደግሞ ሰው ይቀጠራል እንዴ?» አለ።

«ለማየት የሚቀጠር ዘበኛ አለ አይደል?» አልኩት።

«ሂጂ፣ አላህ ያግዝሽ» አለኝ። አባቴን ጀይሉን ታውቂዋለሽ፤ ብዙ ቃል አያባክንም።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። የሰጠሽኝ የክስ ማመልከቻ ነበር። ፈጣን መሆኔን ላሳይሽ ብዬ ሩጫ በሩጫ አነበብኩት። ስጨርስ «ጎበዝ ነሽ፤ ግን ነጠላ ሰረዞቹን ሁሉ ዋጥሻቸው» አልሽኝ። «እዚህ ቤት በነጠላ ሰረዝ ሰው ይታሰራል። እንደገና አንብቢልኝ፤ ልክ እንደተጻፈው። የሚያስጠላሽንም፣ የማይገባሽንም፣ እኔን የሚያናድደኝንም እንደተጻፈው።» እኔ ሥራዬን የተማርኩት በዚያ አንድ አረፍተ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራና ጓደኝነቱን የምንለይበት ድንበር ጠፋን። ምሳ ሰዓት ሥጋ ቤት አብረን መግባት አንችልም ነበር፤ ያንቺ ሥጋ ለእኔ አይሆንም፣ የእኔም ላንቺ። «ዓሳ ቢላዋ የያዘውን ሰው ሃይማኖት አይጠይቅም» ብለሽ ሲቀላ ወዳለው የዓሳ ቤት የወሰድሽኝ አንቺ ነሽ። አጥንቱን በጣትሽ ከእኔ ቀድመሽ ትለቅሚው ነበር። ወንድሜ ሰይፈዲን ልጁ ራኒያ እንደማትሰማ አውቆ ቤት ሊያስቀራት ሲል ሱቁ ድረስ መጥተሽ የተከራከርሽውም አንቺ ነሽ። ምንጣፍ ጥቅል ላይ ተቀምጠሽ፣ ደንበኛ እየገባ እየወጣ፣ እሺ እስኪልሽ ድረስ አልተነሳሽም። ራኒያ በዚያው ዓመት መስማት የተሳናቸው ልጆች ክፍል ገባች።

የእኔ የሥራ ውል ላይ የተጻፈው ግን «የቀን ሠራተኛ» ነበር። አንባቢ የሚባል መደብ ስለሌለ፣ ክፍያዬን የምፈርመው ከጽዳትና ከዕቃ ጫኚዎች ጋር ነው። እኔ ብዙም አላሳሰበኝም ነበር። ያሳሰበን በ2005 ለተዘዋዋሪ ችሎት የሄድን ጊዜ ነው። የወረዳውን ስም አልጽፈውም፤ ዳኛው አሁንም እዚያ ይኖሩ ይሆናል፣ ክፉ ሰውም አልነበሩም።

ልክነሽን ታስታውሻታለሽ። የጎረቤት ክምር አቃጥለሻል ተብላ የታሰረች፣ ጡት የሚጠባ ልጅ ይዛ እስር ቤት የምትኖር ሴት። በመንገድ ሙሉ፣ አውቶብሱ እያንገጫገጨን፣ የምስክሮቹን ቃል ሳነብልሽ ሄድን። ሁለተኛው ምስክር ለፖሊስ የሰጠው ቃልና ችሎት ላይ የሚናገረው የማይገጥም ከሆነ ያን ጊዜ ቃሉን በጆሮሽ ላነብልሽ፣ አንቺ ልትይዢው ተስማማን። ምስክሩ ቆሞ መናገር ሲጀምር እንዳሰብነው ተምታታ። እኔም ፋይሉን ገልጬ ወደ ጆሮሽ ጠጋ አልኩ።

ዳኛው እጃቸውን አነሱ። «ይቺ ልጅ ማናት?»

«አንባቢዬ ናት፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አልሽ።

«በምን ልመዝግባት? ጠበቃ ናት? የፍርድ ቤት ሠራተኛ ናት?»

የሥራ ውሌን ለማየት ጠየቁ። አነበቡት። «የቀን ሠራተኛ ይላል እኮ። የቀን ሠራተኛ የችሎት ሰነድ ይዛ ከጠበቃ ጎን እንድትቀመጥ የሚፈቅድ ነገር የለኝም። ልጄ፣ ውጪ ጠብቂ» አሉኝ።

በር ላይ ቆሜ ሰማሁሽ። በቃልሽ የያዝሽውን ያህል ጠየቅሽው፤ ግን ምስክሩ «እንደዚያ ብዬ አልሰጠሁም» ሲል ቃሉን ገልጦ የሚያሳይልሽ አልነበረም። ቀጠሮ ጠየቅሽ። ተሰጠሽ፤ ግን ቀጠሮው ችሎቱ ወደዚያ ወረዳ በሚመለስበት ዙር ነበር። ልክነሽ ልጇን አቅፋ እስከዚያ ድረስ ወደ እስር ቤቱ ተመለሰች። በሚቀጥለው ዙር ነጻ ወጣች፤ ልጇ ግን መራመድ የጀመረው እዚያ ግቢ ውስጥ ነው።

በአውቶብስ ተመለስን። አርባ ምንጭ ልንገባ ስንል «ሰይዳ፣ ስም ያስፈልግሻል» አልሽኝ። «ስም፣ መደብ፣ የራሱ ደመወዝ። ሕግ የማያውቀው ሰው ችሎት ውስጥ የለም ማለት ነው።»

እንዲህ ነው የተጀመረው። መጀመሪያ ወደ ኃላፊያችን ወደ አቶ አበጋዝ ገባን።

«ወይዘሪት ዘርፈሽ፣ ጥያቄሽ ልክ ነው» አሉ። «ግን መደብ በሌለበት ደመወዝ ከየት አመጣለሁ?»

«እንግዲያው መደቡን የሚፈጥሩት ዘንድ እንሂድ» አልሻቸው።

ጌዲዮን የዚያን ጊዜ ነው የመጣው። ዲፕሎማ ይዞ ራኒያ ክፍል ውስጥ በምልክት ቋንቋ የሚያስተረጉመው። ጠዋት ያስተረጉማል፣ ከሰዓት ባጃጅ ይነዳል፤ በየሴሚስተሩ እተዋለሁ ይላል። ከእሱ ጋር ዓይነ ስውራን መምህራንን የሚመሩ፣ መንቀሳቀስ የማይችሉ ልጆችን የሚንከባከቡ ሴቶች፣ ሁሉም እንደ እኔ ስም የሌላቸው፣ የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ግቢ ውስጥ ተሰበሰቡ። ማመልከቻውን አንቺ ትናገሪያለሽ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ መልሼ አነብልሻለሁ፣ ታርሚዋለሽ። ከዞን ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ዞን ተመላለሰ። በመጨረሻ ክልሉ ባዘጋጀው የደንብ ረቂቅ ላይ እንድትነጋገሪ ሐዋሳ ተጠራሽ።

አብሬሽ እንድሄድ ጠየቅሽ። አበል የሚፈቀደው ለቋሚ ሠራተኛ ነው ተባለ። በራሴ ገንዘብ ልምጣ ስልሽ «ለሁለት ቀን ነው፣ እዚያ የሚያነብልኝ ሰው አይጠፋም» አልሽ። መናኸሪያ ሸኝቼሽ ከሾፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጥኩሽ። ስትመለሺ ደክሞሽ ነበር። «እንዴት ሆነ?» ስልሽ «አለቀ ማለት ይቻላል» ብለሽ ወሬ ቀየርሽ። የመንገዱ ድካም መሰለኝ።

ደንቡ መጽደቁን የነገረን ጌዲዮን ነው። ባጃጁን መሥሪያ ቤታችን በር ላይ አቁሞ እየሮጠ ገባ። አንባቢ፣ መሪ፣ አስተርጓሚ፣ ተንከባካቢ፣ ሁሉም የራሳቸው መደብና የራሳቸው የደመወዝ ደረጃ ተሰጣቸው። ልብሽ ያልሞላ መሆኑን ያኔም አይቻለሁ። ያን ቀን ምሳ ላይ ዓሳው ፊትሽ ቀዝቅዞ ቀረ። እኔ ግን ስለ ደመወዜ አወራለሁ፤ ለአባቴ ምን እንደምገዛለት፣ ቤት ተከራይቼ ከወንድሜ ሚስት ጭቅጭቅ እንደምገላገል። አላቋረጥሽኝም። ለምን እንዳላቋረጥሽኝ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ።

ደንቡን የያዘው ሰርኩላር ደብዳቤ የመጣው በ2007 መጨረሻ ነው። አቶ አበጋዝ ራሳቸው አምጥተው ጠረጴዛሽ ላይ አስቀመጡትና ቶሎ ወጡ። እንደ ሁልጊዜው ወንበሬን ሳብ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። ዓላማው፣ ትርጓሜው፣ የመደቦቹ ዝርዝር። የእኔ መደብ ላይ ስደርስ ድምፄ በደስታ ከፍ ብሎ ነበር። ቀጥሎ ያለውን ዓይኔ ቀድሞ አየው።

ዘርፈሽ፣ ያን ጊዜ ማለፍ እችል ነበር። አንድ ንዑስ አንቀጽ ናት። ዘልዬያት የሚቀጥለውን ባነብ አታውቂም ነበር፣ ቢያንስ ያን ቀን። እኔ ግን የተማርኩት አንድ ነገር ነውና አነበብኩት። «በዚህ መደብ ላይ የሚመደብ ሠራተኛ፣ ከታወቀ ተቋም በዲፕሎማ ወይም በደረጃ አራት የተመረቀ መሆን አለበት፤ ይህን የማያሟሉና በጊዜያዊነት ሲሠሩ የቆዩ፣ ደንቡ ሥራ ላይ ከዋለበት ቀን ጀምሮ ውላቸው ይቋረጣል።»



«ድገሚው» አልሽኝ።

ደገምኩት።  የራሴን ስንብት ሁለት ጊዜ፣ ከነነጠላ ሰረዙ፣ አነበብኩልሽ።

«የሽግግር አንቀጽ የለም? ከታች ተመልከቺ» አልሽ።

ተመለከትኩ። የለም አልኩሽ።

«ይጨመራል ብለውኝ ነበር» አልሽ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«ታውቂ ነበር?»

«የዲፕሎማውን አውቅ ነበር» አልሽ። «የትምህርት ደረጃ ካልተቀመጠ ፋይናንስ አይቀበልም፣ ደንቡ በሙሉ ይቀራል አሉኝ። እሺ አልኩ። ነባሮቹን የሚጠብቅ አንቀጽ ይጨመራል አሉኝ። አመንኳቸው።»

«ለእኔ አልነገርሽኝም።»

«ፈራሁ» አልሽ። እሱ ብቻ ነበር መልስሽ፤ ሌላ ምክንያት አልደረደርሽም።

ፋይሎችሽን በቅደም ተከተል አስተካክዬ፣ የትኛው የት እንዳለ በእጅሽ አስይዤሽ ወጣሁ። ስትደውዪ አላነሳሁም። ማርቆስ የሚባል በሂሳብ አያያዝ የተመረቀ ልጅ ቦታዬን ያዘ። ጥቂት ወራት ቆይቶ አንቺም ወደ ሐዋሳ መዛወርሽን ሰማሁ። ተቆጥቼ ነበር፤ መቆጣቴም ተገቢ ነበር ብዬ አሁንም አምናለሁ። ይህን የምጽፈው ቁጣዬን ልመልስ አይደለም። ብቻ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳታውቂው እንዳይቀር ነው።

ወደ ሱቅ ተመለስኩ። አባቴ «አልኩሽ አይደል» ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለም። ጥቂት ሰንብቶ ብርድ ልብስ እያጣጠፈ «ጥሩ ሥራ ነበር» አለኝ። «ሕጉ ወረቀት የሚፈልግ ከሆነ ወረቀት እንፈልግለታለን።» የኮሌጁን ክፍያ እሱ ከፈለ። ቅዳሜና እሑድ እየተማርኩ፣ በሥራ ቀን ሱቅ እየዋልኩ፣ በጽሕፈትና ቢሮ አስተዳደር ደረጃ አራት ያዝኩ። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚያ ከተማርኩት ውስጥ ላንቺ ሳነብ የሚጠቅመኝ ብዙ አልነበረም። ግን ተማርኩ።

በመካከሉ ራኒያ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ነበርና በሰይፈዲን ፈንታ ሄድኩ። ልጆቹ ያቀረቡትን ጌዲዮን በድምፅ ያስተረጉማል። ራኒያ ተነስታ ስለ ጫሞ ሐይቅ አዞዎች በእጇ ስታወራ ልጅቷን የማላውቃት መሰለኝ። ቤት ውስጥ ውሃና ዳቦ ብቻ የምትጠይቅ ልጅ፣ እዚያ ቆማ ወላጆቹን ሁሉ ታስቃለች። ሲያልቅ ጌዲዮን ወደ እኔ መጣ።

«ባጃጁስ?» አልኩት።

«ሸጥኩት» አለ። «ደመወዙ ከተስተካከለ በኋላ ለሁለት ነገር መሮጥ ተውኩ። አሁን ከሰዓትም ከልጆቹ ጋር ነኝ።»

ቀጥሎም «ዘርፈሽ እኔን ለማስገባት አንቺን አስወጣች ብለሽ ታስቢያለሽ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

«እኔም እንደዚያ አስባለሁ» አለ። «ባስታወስኩት ቁጥር ይከብደኛል። ግን ሥራውን አልተውኩም።»

ደግ ቃል ፈልጎ ሊያጽናናኝ ባለመሞከሩ ወደድኩት። ወደ ቤት ስንሄድ ራኒያ በመንገድ ላይ ያየችውን ሁሉ በእጇ ስትነግረኝ ግማሹ አልገባኝም። ያንቺ ደንብ ከእኔ የወሰደውን አውቃለሁ፤ ለዚህች ልጅ የሰጠውንም በዓይኔ አየሁ። አንዱን በሌላው ላጣፋ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ሁለቱም እንዳሉ ተቀመጡ።

አሁን ወደ መጨረሻው ልምጣ። ባለፈው ጥር አንድ የመንግሥት ኮሌጅ ለዓይነ ስውር መምህር አንባቢ ይፈልጋል የሚል ማስታወቂያ ወጣ። መደቡ አንቺ ያመጣሽው መደብ ነው፣ ደመወዙም አንቺ ያመጣሽው። ተወዳደርኩ፤ አለፍኩ። ቅጥር ደብዳቤዬ ላይ «ረዳት አንባቢ» ይላል። ለአባቴ ሳነብለት «ድገሚው» አለኝ፤ እንደ አንቺ። መምህሩ አለምሰገድ ይባላል፤ የታሪክ መምህር ነው፤ ብሬሉን ያስጨረሰኝም እሱ ነው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የስብሰባ ቃለ ጉባኤ መጣለት። ይዞት የመጣው ባልደረባው ቸኩሏል። እኔ ሌላ ወረቀት ይዤ ከበሩ እየገባሁ ነበር። ሰውዬው ሁለት መስመር አንብቦለት «የቀረው የተለመደው ነው፣ ምንም የለበትም፤ ሰው እየጠበቀን ነው፣ ፈርምልኝ» አለው። አለምሰገድ እስክሪብቶውን ያዘ፤ ግን አልፈረመም። ፊቱን ወደ በሩ መለሰ፤ እኔ መኖሬን ሊያዳምጥ። እኔ ባልገባ ይፈርም እንደነበር ከፊቱ አየሁ። ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ቸኩሎ የቆመ ሰው፣ ያልተነበበ ወረቀት፣ እምቢ ካልክ ሁሉም ይቀራል የሚል ድምፅ፤ እነዚህ አንድ ላይ ሲመጡ ማን ብዙ ይጠይቃል?

ወረቀቱን ተቀብዬ ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። እያነበብኩ ግን እኔ ያለሁት ሐዋሳ ነበር፤ ገብቼበት በማላውቀው አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ አንቺ አጠገብ፣ ባዶ የነበረ ወንበር ላይ።

ዘርፈሽ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት አንቺ ለምን እሺ እንዳልሽ ነው ራሴን ስጠይቅ የኖርኩት። ረቂቁን ማን እንዳነበበልሽ አንድ ቀን ጠይቄሽ አላውቅም። አንቺም አልነገርሽኝም። ሰውየው ቸኩሎ ነበር? ሙሉውን አነበበልሽ ወይስ የሚፈልገውን ብቻ? «ይጨመራል» ያሉሽ የት ላይ እንደሚጨመር አሳዩሽ? ስንት ሰው ዙሪያሽን ቆሞ መልስሽን ይጠብቅ ነበር?

ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ሐዋሳ እመጣለሁ። በጠዋቱ አውቶብስ እሳፈራለሁ፤ ምሳ ሰዓት አካባቢ እደርሳለሁ፣ አላህ ካለ። ይቅርታ እንድትጠይቂኝ አልመጣም፤ ይቅር ብያለሁ ብዬም ላፌ እንዲጣፍጠው አልናገርም፣ ገና አላወቅኩም። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የዚያን ቀን ስብሰባ፣ በሩን ከገባሽበት ጀምረሽ፣ ማን ምን እንዳለሽ አንድም ሳታስቀሪ ንገሪኝ። ዘመናችንን ሁሉ እኔ ሳወራ አንቺ ነበርሽ የምትሰሚው። አሁን ተናገሪ፤ ልስማሽ።

አንባቢሽ የነበርኩት፣
ሰይዳ ጀይሉ